ስለ ጦር አለቃቀቅ

ጦር ውርወራ ለእኛ ለአሬሮ ልጆች እንግዳ ስፖርት ነው ለማለት አይቻልም። ከብት ጥበቃ ስንውል ያገኘነውን ዱላ ሁሉ እየወረወርን አድገናል፤ ጦርንም ገና ከሕፃንነታችን በአባቶቻችን እጅ እያየን የለመድነው ዕቃ ነው። ስለዚህ ከሩቅ የመጣ ሰው «እነዚህን ልጆች ጦር መወርወር ማን ያስተምራቸዋል?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ይኸው ሰው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሜዳችን ብቅ ቢል ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል። ትከሻው የሰፋ፣ ክንዱ የጠነከረ ልጅ እንደ ፈረስ ተንደርድሮ ይመጣና ሲወረውር ጦሩ በአየር ላይ እየተርገበገበ ሄዶ 18 ሜትር ሳይሞላ በጭራው ይወድቃል። ከእርሱ ቀጥላ የምትወረውር ቀጭን ልጅ ደግሞ ምንም ጉልበት ያወጣች ሳትመስል ጦሩን 25 ሜትር አሳልፋ ትተክለዋለች። ተመልካቹም ይስቃል፤ ልጁም «ዛሬ ጉልበት የለኝም» ይላል።

እኔ ግን የጉልበት ጉዳይ አይደለም እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከስፖርት መምህራችን ጎን ሆኜ ርቀት ስለካና ስመዘግብ እንደ ተመለከትኩት፣ ከዐሥር መጥፎ ውርወራ ዘጠኙ የሚበላሸው ጦሩ ከእጅ በሚለይበት ቅጽበት ነው። የዚህን ቅጽበት ጥፋቶች እንዴት ለይቶ ማወቅና ማረም እንደሚቻል የተማርኩትን ለጓደኞቼ ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ወላጆችም ቢያነቡት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ የልጆቻቸውን ክንድ ደኅንነት የሚመለከት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ጥቂት እንበል። የውድድር ጦር ለወንዶች 800 ግራም፣ ለሴቶች 600 ግራም ይመዝናል። ርዝመቱ ለወንዶች ከ2.60 እስከ 2.70 ሜትር፣ ለሴቶች ከ2.20 እስከ 2.30 ሜትር ነው። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት ደግሞ ለወንዶች 700፣ ለሴቶች 500 ግራም የሚመዝን ተፈቅዷል። በወገቡ ላይ የተጠመጠመው ገመድ መያዣው ነው። ሕጉም ጦሩ በዚያው በመያዣው ተይዞ በትከሻ በላይ እንዲወረወር ያዛል፤ እንደ ወንጭፍ አዙሮ መልቀቅ ክልክል ነው። ሲወድቅ ከሌላው አካሉ ሁሉ የብረቱ ጫፍ ቀድሞ መሬት መንካት አለበት። መሬት ላይ ተተክሎ መቅረቱ ግን ግዴታ አይደለም፤ ይህን ብዙ ሰው ተሳስቶ ያምናል።

ስለ ጫፉ ከተነሣ አንድ ታሪክ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1984 ኡቨ ሆን የተባለ የምሥራቅ ጀርመን ወርዋሪ በበርሊን ከተማ 104.80 ሜትር ወረወረ። ርቀቱ እንዲህ በጨመረ ቁጥር ጦሩ ሜዳውን አልፎ ሰው እንዳይጎዳ ተሰጋ፤ ከዚህም በላይ የዚያን ጊዜው ጦር ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚወድቅ ዳኞች በጫፉ ወይም በሆዱ መውደቁን ለመለየት ይቸገሩ ነበር። ስለሆነም በ1986 የወንዶቹ ጦር የክብደት ማዕከል በ4 ሳንቲሜትር ወደ ፊት እንዲገፋ ተደረገ፤ የሴቶቹም በ1999 ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ጦሩ ራሱ ጫፉን ወደ መሬት ያዘነብላል። በዚህ በአዲሱ ጦር የቼኩ ያን ዜሌዝኒ በ1996 የና በተባለች የጀርመን ከተማ 98.48 ሜትር ወርውሮ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለወሬ አይደለም። ጦሩ በራሱ የሚያዘነብል ከሆነ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት የእጅ አንጓን ሰበር አድርጎ ጫፉን ወደ ታች መጫን ምን ይጠቅማል? ምንም አይጠቅምም። ብዙዎቻችን ግን እናደርገዋለን፤ ልማዱም ከቤት የመጣ ይመስለኛል። በቅርብ ያለን ነገር ለመውጋት የሚወረወር የአባቶቻችን ከባድ ጦር ዝቅ ብሎ፣ በአንጓ ተመትቶ ይሄዳል። ለርቀት የሚወረወረው ጦር ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ጦሩ ከእጅ ከወጣ በኋላ ወርዋሪው ምንም ሊያደርግለት አይችልም። የሚሄድበትን ርቀት የሚወስኑት በዚያች ቅጽበት የነበረው ፍጥነት፣ የወጣበት ማዕዘንና ጫፉ ያመለከተበት አቅጣጫ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ፍጥነት ነው። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው፣ የተወረወረ ነገር የሚሄደው ርቀት በፍጥነቱ ካሬ መጠን ያድጋል። የአየሩን ግፊት ትተን በግምት ብናሰላው፣ በሴኮንድ 15 ሜትር ፍጥነት የወጣ ጦር 23 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በሴኮንድ 18 ሜትር የወጣው ግን 33 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነቱ በአንድ አምስተኛ ቢጨምር ርቀቱ በግማሽ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። እንግዲህ እጁ በሴኮንድ 15 ሜትር የሚፈጥን ልጅ ጦሩን ከሴኮንድ አንድ መቶኛ ዘግይቶ ቢለቀው፣ እጁ በዚያች ጊዜ ውስጥ 15 ሳንቲሜትር ተጉዟል። ይህም ጦሩ ወደ ሰማይ ወይም ወደ መሬት ለመሄድ በቂ ነው። «ልክ በሰዓቱ ልቀቅ» ብሎ መጮኽ ዋጋ የሌለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማንም ሰው የሴኮንድ መቶኛን አስቦ ሊለቅ አይችልም። ሰውነቱ በትክክለኛው መንገድ ከመጣ እጁ ራሱ በሰዓቱ ይለቃል።

ማዕዘኑን በተመለከተ፣ ጥሩ ወርዋሪዎች ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ባለው መካከል ይለቃሉ። በመጽሐፍ ላይ 45 ዲግሪ የሚል ያነበባችሁ፣ ያ ከመሬት ተነሥቶ በባዶ ቦታ ለሚበር ነገር ነው። የእኛ ጦር የሚነሣው ከራሳችን በላይ ካለ ከፍታ ነው፤ በዚያም ላይ የሰው ክንድ ወደ ላይ ከመግፋት ይልቅ ወደ ፊት ሲገፋ የበለጠ ይፈጥናል። ነፋስ ከፊት ሲመጣ ደግሞ ጫፉን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። በእኛ ቆላ ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ የምታውቁት ስለሆነ ይህን አልደግምም።

እስቲ አሁን ጥፋቶቹን እንመልከት። ጥፋትን ለማግኘት ከሁሉ በፊት የምትቆሙበትን ቦታ ምረጡ። ከወርዋሪው ጎን ሆናችሁ ስትመለከቱ የጦሩን ማዕዘን ታያላችሁ፤ ከኋላው ርቃችሁ ስትቆሙ ደግሞ ክርኑ ወደ የት እንደሄደ ታያላችሁ። ከፊት ግን ማንም አይቁም።

ጦሩ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ወጥቶ፣ በአየር ላይ ቆም ብሎ፣ በጭራው ከወደቀ ችግሩ ከአያያዙ ይጀምራል። ወርዋሪው ጦሩን ወደ ኋላ ሲስብ መዳፉ ወደ ጎን ዞሮ እጁ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ እጅ ዝቅ ሲል ጫፉ ይነሣል። መዳፍ ወደ ሰማይ ይመልከት፤ ጫፉም ከዐይን ወይም ከቅንድብ አጠገብ አይራቅ። መምህራችን «ጦሩ ከጆሮህ አይኮብልል» ይላሉ። ይህ ጥፋት በአንድ ሳምንት ይታረማል።

ጦሩ እንደ እባብ እየተወዛወዘ ከሄደ፣ የእጁ መንገድና የጦሩ መንገድ ተለያይተዋል። ጦሩ ወደ አንድ ቦታ ያመለክታል፤ እጁ ወደ ሌላ ቦታ ይገፋዋል። ጣቶችንም መመርመር ያስፈልጋል። ሦስት የታወቁ አያያዞች አሉ፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከገመዱ ጠርዝ ኋላ የሚሆኑበት፣ አውራ ጣትና የመሐል ጣት የሚሆኑበት፣ እንዲሁም ጦሩ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት መካከል የሚያዝበት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የመሐል ጣት ረጅም ስለሆነ ጦሩን እስከ መጨረሻ ይሸኘዋል። የትኛውንም ብትመርጡ ግን ጣቱ ከገመዱ ጠርዝ በስተኋላ ተደግፎ መግፋት አለበት። ገመዱን በመሐሉ ጨብጦ የሚወረውር ልጅ ጦሩ ከእጁ ውስጥ ይንሸራተታል እንጂ አይገፋም። በከተማ ቦውሊንግ የሚባለውን ጨዋታ የሚያስተምሩ ሰዎችም ይህንኑ ይላሉ። በዚያ ጨዋታ አውራ ጣት ከኳሱ ቀዳዳ ቀድሞ ይወጣል፤ ሁለቱ ጣቶች ዘግይተው ሲወጡ ኳሱን ያሾሩታል፤ ጨብጦ የያዘ ግን ኳሱን ወደ ጎን ይጥላል። ከሰው እጅ የሚወጣ ነገር ሁሉ የመጨረሻዋን ትእዛዝ የሚቀበለው ከመጨረሻዋ ጣት ነው።

ከሁሉም የከፋው ጥፋት ሦስተኛው ነው፤ በእርሱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ይኸውም ክርን ከትከሻ በታች ወርዶ እጁ በጎን በኩል ዞሮ ሲመጣ ነው። ጦሩ ወደ ጎን ያፈነግጣል፤ ይህ እንኳ ቀላል ነው። ነገር ግን በዚህ አወራወር ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው በክርን የውስጥ ጎን ባለው ጅማት ላይ ነው። ጅማቱ ሲደጋገምበት ይቆስላል፤ ችላ ከተባለ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ያሠቃያል።

አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ባለፈው ዓመት ይህ ደርሶባት ነበር። ርቀቷ ከ19 ሜትር አያልፍም፤ ከልምምድ በኋላም ክርኗን በነጠላ ጠቅልላ ትሄድ ነበር። ሕመሟን ለማንም አልተናገረችም። በወላጆች ቀን አባቷ ወደ መምህራችን ቀርበው፣ «ልጄ ይህን ጨዋታ እንድትተው እፈልጋለሁ። በቤት ውስጥ ጀሪካን ማንሣት አቅቷታል። ክንዷ ከተበላሸ ውሃውን ማን ይቀዳልናል?» አሉ። መምህሩም «እውነትዎን ነው፤ ሕመሙ እስኪለቃት ጦር አትነካም» ብለው መለሱላቸው። ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ታየች፤ ሦስት ሳምንትም አረፈች። ይህን የምጽፈው ጓደኞቼ እንዲያውቁት ነው፤ የሚያመውን ክርን ይዞ አወራወርን ማረም አይቻልም። የታመመ ክንድ ሕመሙን ለመሸሽ ሌላ ጠማማ መንገድ ይፈልጋል።

ሕመሙ ከለቀቃት በኋላ እኔ ክርኗን ብቻ እንድንመለከት አሰብኩ፤ መምህሩ ግን እግሯን ተመልከት አሉኝ። ነገሩም እንዳሉት ሆነ። ተንደርድራ ስትመጣ ከመወርወሯ በፊት አንድ ጊዜ ቆም ትላለች፤ የግራ እግሯ ሳይተከል ደረቷ ቀድሞ ወደ ፊት ይዞራል። ደረቷ ከዞረ እጇ ከኋላ የሚመጣበት መንገድ አይኖረውም፤ ስለዚህ በጎን ይዞራል። ክርኑ አጥፊ ሳይሆን ተበዳይ ነበር ማለት ነው። በትክክለኛው አወራወር ቀኝ እግር ያርፋል፤ ወዲያው ግራ እግር ጠንክሮ ይተከላል፤ ዳሌ ይዞራል፤ ከዚያ ደረት፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ ክርን ከፍ ብሎ፣ በመጨረሻ እጅ ይመጣል። የግራ እግር ሲተከል ታችኛው አካል ይቆማል፤ ፍጥነቱም ወደ ላይ ወደ ክንድ ይተላለፋል። የግራ ጕልበት ከታጠፈ ፍጥነቱ ሁሉ ወደ መሬት ይሄዳል፤ ጦሩም ዝቅ ብሎ ይወጣል። ይህን አይቶ «ዘግይተህ ለቀቅህ» የሚል ሰው የታመመውን እግር ትቶ ጫማውን እንደሚያክም ነው።

አባቷ ለሁለተኛ ጊዜ መጥተው ከሜዳው ዳር ተቀምጠው ሲመለከቱ ያሉትን ነገር አልረሳውም። «ከጕድጓድ ውሃ የሚቀባበሉ ሰዎች እንዲህ ናቸው። በእጁ ብቻ የሚያነሣ ቶሎ ይዝላል፤ ባልዲውንም ፊቱ ላይ ይደፋል» አሉ። በዱብሉቅና በሌሎቹ የቦረና ቱላ ጕድጓዶች ሰዎች አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀባብሉ ያየ ሰው የአባባሉን እውነት ይረዳል። ባልዲው ዱሮ ከቀጭኔ ቆዳ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ብዙው ፕላስቲክ ነው። ከታች ያለው ሰው በጕልበቱና በወገቡ ገፍቶ፣ ባልዲው ገና ወደ ላይ እየሄደ ሳለ ይለቀዋል፤ ከላይ ያለው ሲቀበለው ባልዲው ቀልሎ ይደርሰዋል። ዘግይቶ የለቀቀ እንደሆነ ሸክሙ በጓደኛው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ዘፈኑም ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የአለቃቀቁን ሰዓት የሚጠብቀው እርሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህራችን የወርዋሪዎችን እርምጃ ዐይናቸውን ጨፍነው በጆሮ መስማት ጀመሩ። የመጨረሻዎቹ ሁለት እርምጃዎች ተቀራርበው «ዳ-ዳም» ካሉ ጥሩ ነው፤ «ዳ … ዳም» ካሉ ልጁ መሐል ላይ ቆሟል። እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ከዐይን ይልቅ ጆሮ ይህን ጥፋት ቶሎ ይይዘዋል።

ልምምዱን እንደሚከተለው አደረግን። በመጀመሪያው ሳምንት መንደርደር የለም። ግራ እግር ከፊት፣ ቀኝ እግር ከኋላ ሆኖ፣ በቆሙበት ከ5 እስከ 10 ሜትር ላይ በአመድ በተከበበ ቦታ ጦሩን መትከል ነው። ይህ ለርቀት የሚደረግ ስላልሆነ ማንም ጉልበቱን አያወጣም፤ ጦሩ ሳይወዛወዝ በጫፉ ከተተከለ የእጁና የጦሩ መንገድ አንድ ሆኗል ማለት ነው። ከዚህ ጎን ለጎን የእግር ኳስ በሁለት እጅ ከራስ በላይ ወደ ፊት መወርወር አለ፤ በሁለት እጅ የሚወረውር ሰው ክርኑን ወደ ጎን ማውረድ ስለማይችል ሰውነቱ ትክክለኛውን መንገድ ሳያውቀው ይማራል። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት እርምጃ፣ በሦስተኛው አምስት እርምጃ ተፈቀደላት። ሙሉ መንደርደሪያውን ያገኘችው ከወር በኋላ ነው። ልጅቱ ትዕግሥቷን ጨርሳ «ሌሎቹ እየሮጡ ሲወረውሩ እኔ መሬት እየወጋሁ ልቅር?» ያለችበት ቀን ነበር። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ግን 24 ሜትር ከ85 ሳንቲሜትር ወረወረች፤ ጀሪካኑንም በዚያው ክንዷ ታነሣለች። አባቷ የትኛው እንዳስደሰታቸው ግልጽ ነው።

«ትምህርት ቤታችን ያሉት ጦሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ተራ አይደርሰንም» የሚሉ አሉ። ለዚህ ልምምድ የግድ የውድድር ጦር አያስፈልግም። ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት ፈልጉ፤ በአንድ ጣት ላይ አጋድማችሁ ሚዛኑ የሚቆምበትን ቦታ አግኙ፤ ከዚያ ጥቂት ወደ ፊት ጫፉን በሽቦ አክብዳችሁ ሚዛኑን ወደ ፊት ሳቡት፤ በሚዛኑ ቦታ ላይ ገመድ ጠምጥሙ። የጎረቤታችን የኬንያው ጁሊየስ ዬጎም በልጅነቱ እንጨት ይወረውር የነበረ ልጅ ነው። ሲያድግም የታላላቅ ወርዋሪዎችን ፊልም በኢንተርኔት ደጋግሞ እያየ አወራወርን ራሱን አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በቤጂንግ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና 92.72 ሜትር ወርውሮ አሸነፈ፤ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክም የብር ሜዳይ አገኘ። በሩጫ ብቻ ትታወቅ የነበረች አገር በጦር ስትታወቅ፣ ከሞያሌ ማዶ ያለው ነገር ከሞያሌ ወዲህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ስልክ ያለው ልጅ የጓደኛውን ውርወራ ከጎን ቀርጾ በዝግታ ቢያየው፣ እኔ በሁለት ዓመት ያየሁትን በአንድ ቀን ሊያይ ይችላል።

ግራ እጅ ያላችሁ፣ ከላይ ቀኝ ያልኩትን ግራ፣ ግራ ያልኩትን ቀኝ አድርጋችሁ አንብቡት። ሁላችሁም ደግሞ፣ ጦር ለማምጣት ስትሄዱ በእግር ሂዱ እንጂ አትሩጡ፤ መሬት ላይ የተተከለ ጦር ጭራው በሰው ዐይን ከፍታ ላይ ነው። ወደ ወርዋሪው መልሳችሁ አትወርውሩት፤ ጫፉን ወደ መሬት አድርጋችሁ ተሸክማችሁ አምጡት። ልምምዱ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ከሜዳው በስተምሥራቅ ነው፤ በዚያ በኩል የሚያልፉ ትንንሽ ልጆች መንገዳቸውን እንዲለውጡ አንድ ሰው ሁልጊዜ በዳር ይቆማል። ከሁለቱ ጦሮች የአንዱ ብረት ጫፍ ላልቷል፤ እስኪጠበቅ ድረስ ለቁም ልምምድም ቢሆን እንዳይወሰድ ከዕቃ ቤቱ በር ጀርባ ለብቻው አስቀምጠነዋል።